መሃሉ የተበሳ የቻይና ሳንቲም ገዛሁ፤ ኦርጅናል ነው?

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «ዕቃ ለማምጣት ጓንግዡ እመላለሳለሁ። ባለፈው ጉዞዬ መንገድ ዳር ከሚሸጥ ሰው መሃላቸው በአራት ማዕዘን የተበሳ 13 ሳንቲሞችና አንድ ቢላ የሚመስል ነገር ገዛሁ። ሻጩ የሃን ዘመን ናቸው፣ 2,000 ዓመት ሆኗቸዋል ብሎኛል። ብዙዎቹ አረንጓዴ ዝገት አላቸው። ማግኔት አስጠግቼ አልያዛቸውም፤ ስለዚህ ፎርጅድ አይመስሉኝም። አንዱን በሎሚና በጨው ሳሸው እንደ አዲስ አበራ። ሰውየው ከመቃብር የወጡ ሌላ 50 ሳንቲሞች በ600 ዶላር ልስጥህ ይለኛል። አሜሪካ ያለው ወንድሜ ደግሞ ገዢ አገኛለሁ ብሏል። ልግዛ? የያዝኳቸውስ ስንት ያወጣሉ?» ጠያቂው የሳንቲሞቹን የፊትና የጀርባ ፎቶ ልከዋል። በወርቅ ሚዛን የተለካ ክብደታቸውንም ጽፈዋል።

ከመጨረሻው ልጀምር፦ 50ዎቹን አይግዙ። ቀብድ ሰጥተው ከሆነም ቀብዱ ይቅር። ምክንያቱ ወደ ታች ይመጣል። አሁን በእጅዎ ስላሉት እናውራ። ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ማግኔቱ ምንም አልነገረዎትም። ድሮ የተሠራው የቻይና ሳንቲም በአብዛኛው ነሐስ ነው፤ መዳብ ከእርሳስና ከቆርቆሮ ጋር ቀልጦ የተሠራ። ዛሬ ፎርጅድ የሚያወጣው ሰው ደግሞ ናስ (የመዳብና የዚንክ ቅይጥ) ወይም ሌላ ርካሽ የዚንክ ቅይጥ ይጠቀማል። ማግኔት ሁለቱንም አይስብም። እንዲያውም ነገሩ የሚገለበጥበት ጊዜ አለ። በሶንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን በሲቹዋን አውራጃ ሰው የሚገበያየው በብረት ሳንቲም ነበር። እነዚህ ትክክለኛ ሳንቲሞች ናቸው፤ ማግኔት ግን ይይዛቸዋል። ያን ሁሉ ብረት ተሸክሞ ገበያ መውጣት ስላስመረራቸው ነው የሲቹዋን ነጋዴዎች በወረቀት ደረሰኝ መገበያየት የጀመሩት። በዓለም የመጀመሪያው የሚባለው የወረቀት ገንዘብ የመጣው ከዚያ ነው። ማግኔት የሚጠቅምዎ ትልልቅ የብር ሳንቲም ሲያቀርቡልዎ ነው። በተለይ ከ1914 ጀምሮ የተመታውን፣ የቻይናው ፕሬዚዳንት የዩዋን ሺካይ ምስል ያለበትን። እሱ ብር ስለሆነ ማግኔት ሊይዘው አይገባም። ክብደቱ 26.7 ግራም አካባቢ፣ ስፋቱ 39 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። ከዚህ በሁለትና በሦስት ግራም የሚጎድል ከሆነ ወሬ አያብዙ፣ መልሱለት።

ሁለተኛው ነገር ዕድሜና ዋጋ ነው። «2,000 ዓመት» ሲባል ሰው ልቡ ይዘላል። ዉ ጁ የሚባለው የሃን ሥርወ መንግሥት ሳንቲም መሠራት የጀመረው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ118 በንጉሠ ነገሥት ዉ ጊዜ ነው። በየዘመኑ እየተሠራ እስከ 621 ዓ.ም. ድረስ አገልግሏል፤ ከ700 ዓመት በላይ ማለት ነው። የሃን የታሪክ መዝገብ በመጀመሪያዎቹ 120 ዓመታት ገደማ ብቻ ከ28 ቢሊዮን በላይ እንደተሠራ ይናገራል። ዛሬም በማሰሮ በማሰሮ ከመሬት ይወጣል። ስለዚህ ትክክለኛ፣ በደንብ የሚነበብ፣ 2,000 ዓመት የሞላው ዉ ጁ በጥቂት ዶላር ይገኛል። የሶንግም ያው ነው። በ1080 በአንድ ዓመት ከ5 ሚሊዮን እስር በላይ ሳንቲም ተሠርቷል፤ አንድ እስር በስሙ 1,000 ሳንቲም ነው። ከዘጠኝ መቶ ዓመት በላይ የሆነውን ያን ሳንቲም በአንድ ማኪያቶ ዋጋ የሚሸጥልዎ ነጋዴ አለ፤ እሱም አይከስርበትም።

ከዚህ የሚወጣውን ነገር ብዙ ጀማሪ አይቀበለውም። ተራ የሚባለው ሳንቲም ብዙ ጊዜ እውነተኛ ነው፤ ብርቅ የሚባለው ግን መንገድ ዳር ከተገኘ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ፎርጅድ ነው። ሻጩ ሞኝ አይደለም። ብርቁን ሳንቲም ከእርስዎ በፊት ያወቁት፣ በስልካቸው ዋጋውን የሚያዩ የአገሩ ሰብሳቢዎች በየጠዋቱ ጠረጴዛውን ያምሱታል።

ቢላዋን ስናይ ይህ ይገለጣል። ቅርጹ የዋንግ ማንግ የሚባለው ሰው ገንዘብ ነው። ዋንግ ማንግ የሃንን ዙፋን የነጠቀ ሹም ነበር። በ7 ዓ.ም. አንድ ቢላ ያወጣና 5,000 ዉ ጁ ነው ብሎ አወጀ። ከመዳቡ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ዓይን ያወጣ ዝርፊያ ነው። መኳንንቱም ወርቃቸውን ለመንግሥት እንዲያስረክቡ ታዘዙ። በእውነተኛው ቢላ ራስ ላይ ሁለት ፊደላት አሉ። ፊደላቱ በነሐሱ ውስጥ ተቆፍረው ጉድጓዱ በወርቅ ተሞልቶ ከላይ ከነሐሱ ጋር እኩል ተስተካክሏል። እጅዎን ቢያሳልፉበት የወርቁ መስመር አይሰማዎትም። በእርስዎ ፎቶ ላይ ያለው ግን ፊደሉ ከፍ ብሎ የወጣ ነው፤ ላዩ ላይ ወርቃማ ቀለም ተቀብቷል። በግራ በኩል ቀለሙ ከመስመሩ አልፎ ፈሷል። እውነተኛው ርዝመቱ ከ7 ሳንቲ ሜትር ብዙም አይበልጥም፤ የእርስዎ 11 ነው። ለመታሰቢያ ያስቀምጡት፣ ወይም ፖስታ ይክፈቱበት። ለምርመራ ብለው ግን አንድ ብር እንዳያወጡበት።

አሁን ወደ 13ቱ ሳንቲሞች፤ አምስቱ ዉ ጁ፣ አምስቱ የሶንግ፣ ሦስቱ ደግሞ ቢጫ ናቸው። ከዉ ጁዎቹ ልጀምር። እነዚህ ላይ ጊዜ አጠፋለሁ፤ ምክንያቱም 50ዎቹም የእነሱ ወንድሞች ናቸው። ክብደታቸውን 4.6፣ 4.6፣ 4.7፣ 4.6 እና 4.7 ብለው ጽፈዋል። ከእውነተኞቹ አብዛኞቹ ከ2.5 እስከ 3.5 ግራም ይመዝናሉ። ከዚያ የሚከብዱ ስላሉ በዚህ ብቻ አልፈርድባቸውም። የሚያሳስበኝ እኩልነታቸው ነው። በእጅ የተሠራና ለዘመናት መሬት ውስጥ የቆየ ገንዘብ አንዱ ወፍሮ፣ አንዱ ሳስቶ፣ አንዱ ጠርዙ ተበልቶ ነው የሚገኘው። አምስት ሳንቲም አስልፈው ከአንድ አስረኛ ግራም በላይ ካልተለያዩ ከአንድ ማሽን ቤት ነው የወጡት።

ከዚያ ፎቶውን አጉልቼ አየሁት። በቀኝ በኩል ካለው ፊደል በታች የስንዴ ፍሬ የምታክል ጎድጓዳ ነገር አለች። ዝገት ከበላው ቦታ የምትቀር ዓይነት ናት፤ ጠርዟ ተበጣጥሷል። በአምስቱም ላይ እዚያው ቦታ ላይ አለች። እዚህ ላይ ሁለት ነገር መለየት ያስፈልጋል። አንድ ሳንቲም ሲሠራ ጀምሮ አብሮት የመጣ ጉድለት ሊኖረው ይችላል። ሞልዱ (የቀለጠው ነሐስ የሚፈስበት ቅርጽ ማውጫ) ላይ ስንጥቅ ካለ ከዚያ ሞልድ በወጡት ሁሉ ላይ ይታያል፤ ያ ችግር የለውም። መሬት ውስጥ ሆኖ በዝገት የደረሰ ጉዳት ግን ለአንዱ ሳንቲም ብቻ የደረሰ ነው። አምስት ሳንቲም ያንኑ ጉዳት ከያዙ አንድ ሰው አንድ አሮጌ ሳንቲም አምጥቶ፣ ከእሱ ሞልድ አንስቶ፣ አራብቶታል ማለት ነው። ሌላ ማስረጃ አያስፈልገኝም። አምስቱም ፎርጅድ ናቸው።

ወደፊት ራስዎ እንዲያዩት አሠራሩን ልንገርዎ፤ አሠራሩን ያወቀ ሰው ብዙ አይሸወድም። በዉ ጁ መጀመሪያ ዘመን ሞልዱ ከሸክላ ወይም ከነሐስ ይሠራ ነበር። ከታንግ ሥርወ መንግሥት (ከ7ኛው መቶ ዘመን) ወዲህ ግን የተለመደው በአሸዋ መሥራት ሆነ። እናት ሳንቲም የሚባል በጥንቃቄ የተቀረጸ ሳንቲም አለ። ብዙ እናት ሳንቲሞች በደቃቅ አሸዋ ላይ ተደርድረው ይጫናሉ፤ ምስላቸውን ይተዋሉ። በመካከል ቦይ ይቀደድና የቀለጠ ነሐስ ይፈስበታል። ሲበርድ የሚወጣው ቅርንጫፍ ያለው የሳንቲም ዛፍ ነው። ሳንቲሞቹን ከዛፉ ሰብረው ያወጡና በአራት ማዕዘን ዘንግ ላይ ሰክተው ጠርዛቸውን በአንድ ላይ ይሞርዷቸዋል። ቀዳዳው አራት ማዕዘን መሆኑ እዚህ ላይ ይጠቅማል፤ ክብ ቢሆን ሲሞረድ ይሽከረከር ነበር።

እንግዲህ ጠርዙን ይዩ። አጉሊ መነጽር አሥር እጥፍ የሚያሳድግ ይበቃል። በእውነተኛው ላይ የሞረድ ጭረት በጠርዙ ላይ ይታያል፤ ጭረቱ ራሱ አርጅቷል፣ ዝገቱ ገብቶበታል። በፎርጅዱ ላይ ብዙ ጊዜ በጠርዙ መሃል ዙሪያውን የሚሄድ ቀጭን የመጋጠሚያ መስመር ያገኛሉ። ወይ ደግሞ መስመሩን ለማጥፋት በማሽን የተላጠ፣ ከሌላው አካሉ ይልቅ የሚያበራ ጠርዝ ያገኛሉ። ከዚያ ሜዳውን፣ ማለትም በፊደላቱ መካከል ያለውን ባዶ ገጽ ይዩ። ከሳንቲም ላይ ሞልድ ተነስቶ የተራባ ሳንቲም ፊደሉ የቀለጠ ቅቤ ይመስላል። ማዕዘኖቹ ደንዝዘዋል፤ በሜዳው ላይ የመርፌ ጫፍ የሚያህሉ የአየር ቀዳዳዎች ተበትነዋል። ብረት ሲቀዘቅዝ ስለሚኮማተር የልጁ ስፋት ከእናቱ ትንሽ ያንሳል። በመጨረሻ ለዉ ጁ ብቻ የምትሠራ አንዲት ነገር አለች። በተለመደው ዓይነት ላይ ከቀዳዳው ዙሪያ ያለው ከፍ ያለ ክፈፍ በጀርባው በኩል ነው ያለው፤ በፊቱ በኩል የለም። የመንገድ ዳር ፎርጅድ አድራጊ ግን ማማር ይወዳል፤ በሁለቱም በኩል ክፈፍ ያደርግለታል።

አረንጓዴው ዝገትስ? ሻጩ የሚመካበት እሱ ነው፣ እርስዎንም ያሳመነዎት እሱ ነው። ነሐስ መሬት ውስጥ ሲቆይ መጀመሪያ ቀላ ያለ ቡናማ ሽፋን ያወጣል። አረንጓዴው ከዚያ በላይ ይበቅላል፤ አንዳንዴም ሰማያዊ ነጠብጣብ ይጨምርበታል። ረጅም ዘመን የወሰደው ሽፋን ከብረቱ ጋር አንድ ይሆናል። በጥርስ መጎርጎሪያ ቢጭሩት አይበገርም። የእጅ ሥራው አረንጓዴ ደግሞ ሙጫና ቀለም ነው፣ ወይም በአሲድ በአንድ ሳምንት የመጣ ነው። ለመሞከር ንጹሕ አሴቶን ይበቃል። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ሲገዙ አሴቶን ብቻ መሆኑን ያረጋግጡ። በጆሮ ጥጥ ነክረው አንድ ጥግ ላይ ይሹት፤ ጥጡ አረንጓዴ ከሆነ አበቃ። በመስኮት አጠገብ ያድርጉት፤ አሴቶን እሳት ይወዳል። ጥጡ ነጭ ሆኖ ቢወጣም ግን ሳንቲሙ ጸደቀ ማለት አይደለም። በአሲድ የመጣ ዝገት በአሴቶን አይለቅም። እንዲያውም አንዳንዶቹ ፎርጅዱን አፈር ውስጥ ቀብረው ጥቂት ዓመታት ያቆዩታል።

አንድ ልዩነት ይያዙልኝ። ፈዛዛ አረንጓዴ ዱቄት የሚመስል፣ ሲነኩት የሚረግፍ፣ ጠርገውት ከወር በኋላ ተመልሶ የሚመጣ ነገር ካዩ የነሐስ በሽታ ይባላል። እውነተኛ ሳንቲምንም ይይዛል። ከአፈሩ የገባ ጨው እርጥበት ባገኘ ቁጥር ብረቱን እየበላ ይሄዳል። ከሌሎቹ ለይተው በደረቅ ቦታ ያስቀምጡት።

አምስቱ የሶንግ ሳንቲሞች የተሻሉ ናቸው። ክብደታቸው ከ3.1 እስከ 4.2 ይለያያል፣ ጠርዛቸው ያልተስተካከለ ነው፣ የአንዱ ቀዳዳ ትንሽ ዞሯል። ደስ የሚል ነው። አራቱ ለእኔ ትክክለኛ ይመስላሉ። አምስተኛው ዩአን ፌንግ ቶንግ ባኦ ይላል፤ የሶንግ ንጉሥ ከ1078 እስከ 1085 የተጠቀመበት የዘመን ስም ነው። የፊደሉ አጣጣል ግን የሶንግን አይመስልም። የጃፓን ሥራ ሊሆን ይችላል። ጃፓኖች ከ1659 እስከ 1685 ናጋሳኪ ላይ ለውጭ ንግድ የሚሆን ሳንቲም በዚህ በሞተ ንጉሥ ዘመን ስም ሠርተዋል። እኛ ጠገራ ብርን እናውቃለን፦ 1780 ይላል፣ የተመታው ግን ብዙ ቆይቶ፣ በብዙ አገር ነው። ሳንቲም ላይ የተጻፈው ዘመን የልደት ቀን ላይሆን ይችላል። የናጋሳኪውን ፎርጅድ አልለውም፤ የሚሰበስበው ሰው አለ። ቬትናምና ኮሪያም ተመሳሳይ ቅርጽ ያለው፣ በቻይና ፊደል የተጻፈ ገንዘብ ሠርተዋል። ስለዚህ «በካታሎግ የለም» ማለት «ውሸት ነው» ማለት አይደለም፤ የተሳሳተ ካታሎግ ይዘው ሊሆን ይችላል።

የሶንግ ሳንቲም እኛ አካባቢ ድረስ መጥቷል። በ1945 ዛንዚባር ደሴት ደቡብ፣ ካጄንግዋ ላይ አብዛኞቹ የሶንግ የሆኑ የቻይና ሳንቲሞች ክምችት ተገኝቷል። ወደ ምሥራቅ አፍሪካ የባሕር ጠረፍ የሚመጣ ሸቀጥ ይዞት የመጣ ነው። ስለዚህ ሞምባሳ ወይም ሞቃዲሾ ላይ «ከመሬት የወጣ» ብለው ቢያሳዩዎ በጥሬው የማይሆን ነገር አይደለም። ምርመራው ግን ያው ነው።

ሦስቱ ቢጫ ሳንቲሞች ቺየን ሎንግ ቶንግ ባኦ ይላሉ። ቺየን ሎንግ ከ1736 እስከ 1795 የገዛ የቺንግ ንጉሥ ነው፤ ከሃን ጋር ምንም አያገናኘውም። ይህን ሻጩ አሳምሮ ያውቃል። ጀርባውን ሲያዞሩት በማንቹ ቋንቋ ሁለት ቃል አለ፤ የቀኙ የትኛው ፋብሪካ እንደሠራው ይናገራል። በሁለቱ ላይ ቃሉ ጥርት ብሎ ይነበባል። ቤጂንግ የተሠሩ፣ በእጅ ብዛት ያለሰለሱ፣ እውነተኛ ይመስላሉ። ሦስተኛው 2.1 ግራም ነው፣ እንደ መስታወት ያበራል፣ የማንቹው ፊደል ትርጉም የሌለው ጭረት ነው። ይህ ለዕድል ተብሎ መኪና ውስጥና በር ላይ የሚሰቀለው ነው። አምስት ሆነው በቀይ ክር ታስረው የአምስት ንጉሥ ሳንቲም ተብለው ይሸጣሉ። ለጌጥ የተሠራ ነገር ነው፤ እንደ ገንዘብ የሸጠልዎ ሰው ነው ያጠፋው።

የተናገርኩት ሁሉ ከፎቶ ነው። ፎቶ ይኮንናል እንጂ አያጸድቅም። ቢላዋንና አምስቱን ዉ ጁ ያለ ጥርጥር ኮንኛቸዋለሁ። አራቱን የሶንግና ሁለቱን የቺየን ሎንግ «ይመስላሉ» ያልኩት በእጄ ስላልያዝኳቸው ነው። የወርቅ ጥራት የሚለካበት የኤክስሬይ መሣሪያ ያለው ቤት ካወቁ አንድ ጠቃሚ ነገር ይነግርዎታል። የሃንና የሶንግ ነሐስ ውስጥ ብዙ ዚንክ መገኘት የለበትም። መንግሥት ሳንቲሙን ከናስ መሥራት የጀመረው በ16ኛው መቶ ዘመን፣ በሚንግ ጊዜ ነው። የሶንግ ነው የተባለው ሳንቲም 30 ከመቶ ዚንክ ካሳየ ጨዋታው አልቋል። ግን መሣሪያው የሚያነበው ላይ ላዩን ነው፣ ዝገት ቁጥሩን ያዛባዋል። ደህና የሆነ ፎርጅድ አድራጊ ደግሞ የተሰባበሩ አሮጌ ሳንቲሞችን አቅልጦ ይሠራል። ያኔ ቅይጡም የዘመኑ ይሆንለታል።

የምስክር ወረቀትስ? ሳንቲሙን መርምረው፣ ደረጃ ሰጥተው፣ በቁጥር በፕላስቲክ የሚያሽጉ ድርጅቶች አሉ። ለውድ ሳንቲም ይጠቅማሉ። የሦስት ዶላር ሳንቲም ለማሳሸግ ግን ክፍያው ከሳንቲሙ በብዙ ይበልጣል። ፕላስቲኩም ይፎረጃል፤ ቁጥሩም ሳይቀር። ታሽጎ የሚሸጥ ነገር ሲገጥምዎ ቁጥሩን በድርጅቱ ድረ ገጽ ላይ አስገብተው፣ እዚያ ያለውን ፎቶ በእጅዎ ካለው ጋር ያመሳስሉ። ገጹን ራስዎ ይክፈቱት፤ ሻጩ በላከልዎ ሊንክ አይግቡ። ሻጩ ከመሳቢያው አውጥቶ የሚሰጥዎ ማኅተም ያለበት ወረቀት ግን ዋጋው የወረቀቱ ያህል ነው።

ሎሚው ከሶንጎቹ አንዱን ነው የበላው፤ ፎቶው ላይ እንደ ሮዝ የሆነው። የወጣው ሽፋን አይመለስም። ሰብሳቢ የሚከፍለው ለዚያ ሽፋን ነው፤ ለማንነቱም ዋናው ማስረጃ እሱ ነበር። አሲዱና ጨው እንዳይቀጥሉበት ሳንቲሙን በተጣራ ውሃ፣ ፋርማሲ በሚሸጠው ዲስትልድ ውሃ፣ ለጥቂት ቀናት ይዘፍዝፉት፤ ውሃውን በየቀኑ ይቀይሩ። ከዚያ አድርቀው ይተዉት። ዘይት አይቀቡት፣ በኮካ ኮላ ወይም በጥርስ ሳሙና አይሞክሩት። ሌሎቹን ጭራሽ አይንኩ። ሲያስቀምጡም ለስላሳና የሚሸት ፕላስቲክ ውስጥ አይሁን፤ ከጊዜ ብዛት የሚያጣብቅ አረንጓዴ ነገር ያመጣባቸዋል። ተራ የወረቀት ፖስታ ይሻላል፤ ለእያንዳንዱ አንድ።

ወደ 50ዎቹ ልመለስ። «ከመቃብር የወጣ» የሚለው ቃል ብቻውን ይበቃ ነበር። ሰውየው ዋሽቶ ከሆነ ገንዘብዎን ያጣሉ። እውነት ተናግሮ ከሆነ የባሰ ነው። ቻይና ውስጥ መቃብር መዝረፍ ከባድ ወንጀል ነው፣ ያረጀ ዕቃም ያለ ቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ ከአገር አይወጣም። ሻንጣዎ ሲፈተሽ ስለ ፎርጅድነቱ የሚከራከርልዎ ሰው የለም። አሜሪካም በኩል ቀላል አይደለም። ከጥር 2009 ጀምሮ በሁለቱ አገሮች ስምምነት መሠረት እስከ ታንግ ዘመን መጨረሻ፣ ማለትም እስከ 907 ድረስ ያሉ ብዙ የቻይና ቅርሶች ያለ ሰነድ ወደ አሜሪካ መግባት አይችሉም። ዉ ጁና የቢላ ገንዘብ በዝርዝሩ ውስጥ ናቸው። ወንድምዎ ስሙን በፖስታ ላይ ከመጻፉ በፊት ይህን ይወቅ። ገዢ ቢገኝ እንኳ ሳንቲሞቹን ያየ ዕለት ገንዘቡን ይመልሱልኝ ይላል፤ ልክም ነው።

የያዟቸው ስንት ያወጣሉ ላሉት፦ እውነተኛ የሚመስሉት ስድስቱ ተደምረው የአንድ ደህና ምሳ ዋጋ ቢያመጡ ነው። በዚያ ላይ አንዱን ሎሚ ነክቶታል። አይሽጧቸው፤ መማሪያ ያድርጓቸው። ስብስብ ከልብዎ ከሆነ በ600 ዶላሩ ፋንታ 30 ዶላር ይመድቡ። የመመለሻ ዋስትና በጽሑፍ ከሚሰጥ፣ ስሙ ከሚታወቅ፣ ቋሚ አድራሻ ካለው ነጋዴ ይግዙ። የሰሜን ሶንግ፣ ማለትም የሶንግ የመጀመሪያው ዘመን ሳንቲሞች ይሁኑ፤ አሥር የተለያዩ የዘመን ስሞች። ርካሽ ስለሆኑ ማጭበርበሩ ብዙም አያዋጣም፤ ጽሑፋቸውም ከሁሉ ያምራል። በየሳምንቱ ይመዝኗቸው፣ ጠርዛቸውን ይዩ፣ ጣትዎ ይልመዳቸው። ቢላና ወርቅ የተቀባ ነገር ለሁለት ዓመት አይግዙ። ያንን ሮዝ የሆነውን ሳንቲም ደግሞ ከውሃው ሲያወጡ በሁለቱም በኩል፣ በቀን ብርሃን፣ ያለ ፍላሽ አንስተው ይላኩልኝ፤ የታጠበው ጠርዝ የሞረዱን ጭረት አሳምሮ ያሳያል።